እናቴ ኤምባሲ የገባሁ ይመስላታል

(መልሱ ለጸሐፊዋ በኢሜይል ቀድሞ ተልኮላታል። እዚህ ያወጣነው በፈቃዷ ነው። ማንነቷን የሚያሳብቁ ነገሮችን ቀይረናል።)

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

አማርኛዬ የተሰባበረ ነው፣ ይቅርታ። በ11 ዓመቴ ነው በዲቪ ከቤተሰቤ ጋር አሜሪካ የገባሁት። ያደግኩት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አሁን 24 ዓመቴ ነው።

የምጽፍልዎ ከሴኔጋል ነው። ከዳካር ወደ ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ቲዬስ የሚባል ከተማ አለ። እዚያ የፒስ ኮር ሠልጣኝ ነኝ፤ በእናንተ ጊዜ የሰላም ጓድ የሚባለው፣ አሜሪካ ፈቃደኞቿን ወደ ሌላ አገር የምትልክበት ድርጅት ማለት ነው። የመጣሁበት ሙያ ዛፍንና እርሻን አንድ ላይ ማልማት ነው። ሦስት ወር ገደማ እንሠለጥናለን። ከዚያ ቃለ መሐላ ፈጽመን ሁለት ዓመት አንድ መንደር ውስጥ እንኖራለን። በድምሩ 27 ወር።

ሰባተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ግማሹን ጊዜ ማዕከሉ ውስጥ፣ ግማሹን ደግሞ ከከተማው ወጣ ባለ መንደር ከተቀበለኝ ቤተሰብ ጋር ነኝ። አይሳታ የሚል ስም አውጥተውልኛል። ጠዋት ፑላር የሚባለውን የፉላኒ ሕዝብ ቋንቋ እማራለሁ። ከሰዓት በኋላ ችግኝ ጣቢያ ነን። አፈር፣ አሸዋና ፍግ ቀላቅለን ጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ እንሞላለን። የግራር ዘር በፈላ ውሃ እንዘፈዝፋለን። ጥፍሬ ሥር የገባው አፈር አልወጣ ብሏል። ልንገርዎ፣ ደስ ይለኛል።

ምደባችን የሚነገረን ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። ማዕከሉ ውስጥ የቅርጫት ኳስ ሜዳው ላይ ትልቅ የሴኔጋል ካርታ ተሥሏል። ዓይናችንን በጨርቅ ሸፍነው፣ እጃችንን ይዘው፣ ካርታው ላይ የተመደብንበት ቦታ ያቆሙናል። ከዚያ ጨርቁ ይፈታል። ጓደኞቼ ከጉጉት የተነሳ እንቅልፍ የላቸውም። እኔም የለኝም፤ የኔ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው።

እናቴ ኤምባሲ የገባሁ ይመስላታል።

ስመዘገብ አልነገርኳትም። የጤና ምርመራው፣ አሻራው፣ ምኑ ምኑ ብዙ ወር ፈጀ። ሁሉም ካለቀ በኋላ «የአሜሪካ መንግሥት ዳካር ሊልከኝ ነው» አልኳት። «ኤምባሲ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ አዎ ወሰደችው። በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ አለሽ» ይለኝ ጀመር። ለማኅበሯ ድፎ ዳቦ ጋገረች። እንዴት ብዬ ልመልሰው?

እናቴ ያደገችው ደብረ ብርሃን ነው። ልጅ ሆና የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባዋ ተሸክማ ገበያ ትሸጥ ነበር። አሁን አረጋውያን ትንከባከባለች፣ ሁለት ሺፍት። ሁልጊዜ የምትላት ነገር አለች። «እኔ ተሸክሜያለሁ፣ እናንተ አትሸከሙም።» እኔ ደግሞ ይኸው ፍግ እየተሸከምኩ ነው። ደመወዝ የለኝም፤ ለመኖሪያ የምትሆን ትንሽ አበል ናት ያለችው። ከመምጣቴ በፊት የቤት ኪራይ አግዛት ነበር። ባለፈው ሳምንት «የመጀመሪያ ደመወዝሽ መቼ ነው? ለወንድምሽ የኮሌጅ ነገር አስቢበት» አለችኝ። ወንድሜ 17 ዓመቱ ነው። እሷ ደግሞ የደም ግፊት አለባት።

ሌላም አለ። እዚህ አሜሪካዊ ነኝ ስል የሚያምነኝ የለም። ነጮቹን ጓደኞቼን ልጆቹ «ቱባብ! ቱባብ!» እያሉ ይከተሏቸዋል። እኔን ግን ፉላኒ አድርገው ነው የሚያዩኝ፤ በፑላር ያጣድፉኛል። መልስ ሲያጡ ይስቃሉ። አንዳንድ ሽማግሌዎች እንዲያውም ይቆጡኛል፣ ቋንቋዬን የናቅኩ መስሏቸው። ማታ ማታ አስባለሁ። ዛፍ መትከል ካማረኝ ለምን ወሎ አልሄድኩም? ደግሞስ በሦስት ወር ሥልጠና 50 ዓመት ያረሰን ሰው ምን ላስተምረው ነው? እኛ ስንሄድ ፍየል የሚበላውን ችግኝ ለመትከል ነው እናቴን የዋሸሁት?

ሦስት ነገር አስቤያለሁ። አንደኛው ምደባው ሳይነገር ትቼ መመለስ ነው። ሁለተኛው ጥሩ ኔትወርክ ያለበት፣ ከተማ አጠገብ ስጡኝ ብዬ መለመን ነው፤ እየደወልኩ ነገሩን እንደያዝኩት እንድቀጥል። ሦስተኛው መናገር ነው። እሱን ሳስብ ሆዴ ይታመማል። ምን ይመክሩኛል?

ሳ.፣ ከቲዬስ

ውድ ሳ.፣

አማርኛሽ አልተሰባበረም። «ዝምታዬን እንደ አዎ ወሰደችው» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር እኔ ጽፌያት ቢሆን ደስ ባለኝ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ካርታው ጥቂት መስመር ጽፈሽ አለፍሽ። ወደ እናትሽ ስትመጪ ግን ብዕርሽ አልቆም አለ። እንቅልፍ የነሳሽ ነገር ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለው መሰለኝ።

እስኪ መጀመሪያ የኔን ላውራሽ። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በ1964 ዓ.ም.፣ እንግሊዝኛ የምታስተምረን የሰላም ጓድ ነበረች። እነሱ አገራችን የገቡት እ.ኤ.አ. በ1962 ነው፤ ኬኔዲ ድርጅቱን ባቋቋመ በዓመቱ። ከዚያ እስከ 1977 ድረስ በየአውራጃው ያሉ ትምህርት ቤቶች አስተምረዋል። በኋላ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው ፖል ሶንጋስ ሳይቀር ወሊሶ ነበር። የኛዋ እንደሱ ስም አላወጣችም። ሁለት ቀሚስ ነበራት፤ አንዱ አረንጓዴ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆማ ደብዳቤ ትጠብቃለች። የሰፈራችን እናቶች ሲያዩዋት ከንፈር ይመጥጣሉ። «እናቷ እንዴት ጨከነች?» ይላሉ። አንድ ቀን እናቴ ቤት ጠራቻትና ሽሮ አበላቻት። ከዚያ በኔ አስተርጓሚነት «እናትሽ እንዲህ ያለ ቦታ መሆንሽን ታውቃለች?» አለቻት። ልጅቷ ሳቀች። ቀጥላ አለቀሰች። እኔ የተረጎምኩትን ያበላሸሁ መስሎኝ ደነገጥኩ። ያን ቀን ለምን እንዳለቀሰች ዛሬም በእርግጠኝነት አላውቅም። ያንቺን ደብዳቤ ሳነብ ግን ትዝ አለችኝ።

አሁን ወደ ጉዳይሽ።

ካርታው ትንሽ ያሳስበኛል። ጨርቁ ሲፈታ ከተማ አጠገብ ከሆንሽ «እሺ፣ ትንሽ ልሞክረው» ልትዪ ነው። ሩቅ ከሆነ ደግሞ «በቃ፣ ምልክት ነው» ብለሽ ሻንጣ ልታነሺ ነው። የራስሽን ውሳኔ ለቅርጫት ኳስ ሜዳ እንዳትሰጪው። ደግሞ ወዴት እንደምትሄጂ ከወዲሁ ሳትጠረጥሪ አትቀሪም። እዚያ ሠልጣኙ በሚማረው ቋንቋ መድረሻውን ይገምታል። ሴሬር የተማረ ወደ ፋቲክ፣ የሰሜኑን ፑላር የተማረ ወደ ፉታ፣ ፉላኩንዳ የሚባለውን የፑላር ዘዬ የተማረ ወደ ኮልዳ፣ ፑላፉታ የሚባለውን ዘዬ የተማረ ወደ ኬዱጉ ያዘነብላል። አንቺ የትኛውን ፑላር እንደሆነ አልነገርሽኝም። የትኛውም ቢሆን ግን ዳካር ደጃፍ አያደርስሽም። ስለዚህ ሁለተኛው ሐሳብሽ ከመጀመሪያውም ቀጭን ነበር።

ቢሆንም ጨርሶ አልጥለውም። ከምደባው በፊት የሚያነጋግሯችሁ የፕሮግራሙ ሰዎች አሉ። «እናቴ የደም ግፊት አለባት፣ በሳምንት አንዴ ድምፄን መስማት አለባት፣ ስልክ የሚሠራበት ቦታ ይታሰብልኝ» ብትያቸው ተገቢ ጥያቄ ነው። ዘጠኝ ቀን ሲቀር አብዛኛው ነገር አልቆ ሊሆን ይችላል፤ ግን መጠየቅ አይከለከልም። ጥያቄው ለእናትሽ ይሁን እንጂ ለውሸቱ አይሁን። ለውሸቱ ሲሉ ከተማ አጠገብ የሚኖሩት ሁለት ዓመት በጣም ረጅም ነው። በየሳምንቱ የሌለ ቢሮ፣ የሌለ አለቃ፣ የሌለ ምሳ ሰዓት ልትፈጥሪ? እኔ ሳስበው ደከመኝ።

ትቶ መመለስን በተመለከተ ደግሞ፣ ነውር የለበትም። ማንም ፈቃደኛ በፈለገበት ቀን በቃኝ ማለት ይችላል። የመመለሻ ትኬቱንም ድርጅቱ ነው የሚችለው። ከቃለ መሐላው በፊትም በኋላም ይህ መብትሽ ነው፤ በሩ በዘጠኝ ቀን ውስጥ አይዘጋም። ይህን የምነግርሽ እንድትሄጂ አይደለም፣ ጥድፊያው እንዲቀልልሽ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። አሁን ስልክሽ ጮኸ እንበል። እናትሽ ናት። «ሁሉንም ሰምቻለሁ፣ ምርቃቴ ካንቺ ጋር ነው» አለችሽ። ነገ ጠዋት ሻንጣሽን ነው የምታወጪው ወይስ ችግኝ ጣቢያ ነው የምትሄጂው?

መልሱን ለኔ አትጻፊልኝ። ደብተርሽ ላይ ጻፊው። ስለ ችግኝ ጣቢያው ስታወሪ ግን «ልንገርዎ፣ ደስ ይለኛል» ያልሽውን ልብ ብያለሁ።

ስለዚህ የቀረሽ ሦስተኛው ነው። ሆድ የሚያሳምመው።

በእኔ ግምት ከምደባው በፊት ንገሪያት። ከዘጠኙ ቀን ውስጥ አንድ እሑድ አለ፤ እሱን ያዢው። ቅዳሜ ማታ አትደውዪ። ቅዳሜ ከነገርሻት በማግሥቱ ያንን ሁሉ «እንኳን ደስ አለሽ» ያለ ሰው በነገር በተቃጠለ ፊት ልትጋፈጥ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከሆነ ግን ከሰው ፊት ከመቆሟ በፊት አንድ ሳምንት አላት። ያንቺ ሰዓት የሷን በአራት ሰዓት ይቀድማል፤ እሷ ምሳ ስትጨርስ አንቺ ጋር ጀንበር ልትጠልቅ ነው። ወንድምሽ ቤት መኖሩን አስቀድመሽ አረጋግጪ። እሱ ያውቃል? እንደኔ እንደኔ ያውቃል። የ17 ዓመት ልጅ ጉግል የማያደርገው ነገር የለም። ካወቀ አንቺን ሲሸፍን ከርሟል ማለት ነውና ለሱም አንድ ይቅርታ አለብሽ። በዚያ ሰዓት አጠገቧ እንዲቀመጥ ንገሪው። የግፊት ክኒኗን መዋጧንም ይይልሽ።

ቪዲዮ ይሁን። በጽሑፍ መልእክት እንዳታደርጊው፣ በድምፅ መልእክትም። ፊትሽን ትይ።

መግቢያውን አታርዝሚው። ስለ አየሩ፣ ስለ ምግቡ ሃያ ደቂቃ አውርተሽ መጨረሻ ላይ ጣል ብታደርጊባት «ለካ ይህን ሁሉ ስታወራኝ የነበረው ለዚህ ነው» ትላለች። እንዲህ ብትዪስ? «እማዬ፣ የምነግርሽ ነገር አለ። ኤምባሲ አይደለም የምሠራው። ኤምባሲ ስትዪ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ያንቺ አይደለም።» ከዚያ ዝም በይ። ይህኛው ዝምታ ይፈቀድልሻል። ልታለቅስ ትችላለች። ልትቆጣ፣ ስልኩን ልትዘጋው ትችላለች። ከዘጋችው ሰኞ ደውዪ፣ ማክሰኞም። በሰው አታስነግሪ። ከሰው ከሰማች የምትጎዳው ሁለቴ ነው። ነገሩ ከተካረረ የንስሐ አባቷን ወይም የምታከብራትን አንዲት አክስት መሐል ማስገባት ይቻላል፤ ግን መጀመሪያ ካንቺ አፍ ትስማ።

አንድ ነገር እንዳትንቂባት እለምንሻለሁ። «ሰው ምን ይለኛል» ትላለች። ባንቺ ዕድሜ፣ ባደግሽበት አገር፣ ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ለሷ ግን ማኅበሩ አገሯ ነው። ስትታመም ሾርባ የሚያመጣላት፣ ሲሞትባት አብሯት የሚቀመጠው እሱ ነው። ድፎውን የጋገረችው ለነሱ ነው። ያጋለጥሻት እዚያ ነው። ስለዚህ ለማኅበሩ የምትለውን ነገር ስጫት። ምን መሰለሽ? «ልጄ የሰላም ጓድ ሆናለች» ትበል። ፒስ ኮር አትበል፣ የሰላም ጓድ ትበል። ማኅበሩ ውስጥ ከ60 ዓመት በላይ የሆናቸው ሰዎች አሉ አይደል? ከነሱ መሐል በሰላም ጓድ የተማረ ካልተገኘ ይገርመኛል። የመምህሩን ስም አሁንም ያስታውሳል፣ አማርኛውን እያስመሰለ ያስቅሻል። ከነሱ አንዱ «እንዴ! እኔን እኮ ሒሳብ ያስተማረችኝ የሰላም ጓድ ናት» ካለላት እኔ አምስት ገጽ ብጽፍልሽ የማላመጣውን ነገር ያመጣል።

ገንዘቡንም አታድበስብሺ። ቁጥሩን ንገሪያት፤ አበሉ ይህን ያህል ነው፣ ከሱ ልልክ አልችልም፣ ኪራዩን እስከ ሁለት ዓመት አላግዝም። ይህ ከኤምባሲው የበለጠ ሊያማት ይችላል፤ በየወሩ የሚመጣ ነገር ነዋ። ከመሄድሽ በፊት ያጠራቀምሽው ነገር አለ? ለወንድምሽ የኮሌጅ ማመልከቻ ወጪ እንኳ የምትሆን ካለች አሁን ተነጋገሩባት። ሌላም አለ። አገልግሎቱን የጨረሰ ሰው ሲመለስ ግብር ሳይቀነስ ከ10,000 ዶላር በላይ መቋቋሚያ ያገኛል። ለአንድ ዓመት ያህል ደግሞ የፌዴራል መንግሥት ሥራ ሲያመለክት ከተራው ውድድር ውጭ ሊቀጠር የሚችልበት ዕድል አለው። እንግዲህ ኤምባሲውም አንድ ቀን ይመጣ ይሆናል፣ ማን ያውቃል። ግን ይህን በመጀመሪያው ቀን አታንሺባት፣ ጉቦ ይመስላል። ስትረጋጋ ራሷ «ታዲያ ሁለት ዓመት በነፃ?» ብላ ትጠይቅሻለች። ያን ጊዜ መልሺላት።

ስለ ጤናዋ ያለሽን ፍርሃት ለብቻ እንየው። አያድርገውና የቅርብ ቤተሰብ ለሕይወት የሚያሰጋ ሕመም ላይ ከወደቀ ድርጅቱ የአስቸኳይ ፈቃድ ሰጥቶ በራሱ ወጪ ቤት ያደርሳል። ለወር ሁለት ቀን የሚታሰብ የዕረፍት ፈቃድም አላችሁ። የሕክምና ቡድኑን ሳይሆን አስተዳደሩን ቀርበሽ አሠራሩን ጠይቂ፤ የሚደወልበትን ስልክ ለወንድምሽ ስጪው። ፍሪጁ ላይ ይለጥፈው።

«ለምን ወሎ አልሄድኩም?» ላልሽው ረጅም መልስ የለኝም። አገሩን የመረጥሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም። የሰላም ጓዶች ኢትዮጵያ ውስጥ በኋለኛው ዘመንም ነበሩ፤ እንዳንቺ በአካባቢ ጥበቃ የተሰማሩም ነበሩባቸው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በኮሮና ምክንያት ከመላው ዓለም ወደ 7,000 የሚጠጉ ፈቃደኞች ሲጠሩ እነሱም ወጡ። ደግሞ ሴኔጋል ያን ያህል ባዕድ አይደለችም። የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረው ታላቁ አረንጓዴ ግንብ የሚባለው በረሃን የመከላከል የዛፍ ልማት እኮ ከሴኔጋል ተነስቶ ጅቡቲ የሚደርስ ነው፤ ኢትዮጵያም አለችበት። እዚያ የወሎፍ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ ካድ የሚሉትን ዛፍ አሳይተውሻል? ክረምት ሲገባ ቅጠሉን ያራግፋል፣ በጋ ሲሆን ይለብሳል፤ ከዛፍ ሁሉ ተቃራኒ። ሥሩ የተዘራው ማሽላ ፀሐይ አያጣም። ያው ዛፍ እኛም አገር አለ። ከደብረ ዘይት ወደ ሞጆ ስትሄጂ ማሳው መሐል ተራርቆ ቆሞ ታያለሽ። ኦሮምኛ ተናጋሪው ገርቢ፣ ትግርኛ ተናጋሪው ሞሞና ይለዋል።

ፉላኒ መምሰልሽን ደግሞ አትማረሪበት። መልክሽ ሳይጠሩት በር እየከፈተልሽ ነው፤ ቋንቋሽ እስኪደርስበት ትንሽ ታሳፍሪያለሽ፣ በቃ። ለሚቆጡሽ ሽማግሌዎች የምትመልሺውን አንዲት ዓረፍተ ነገር ከቋንቋ አስተማሪሽ ጋር ሆናችሁ አዘጋጁ። «እናቴ ከሩቅ ናት፣ ቋንቋችሁን ልማር መጣሁ» የምትል ብትሆን ይበቃል። አስቂኝ ካደረጋችኋት የተሻለ።

አሁን «50 ዓመት ያረሰን ሰው ምን ላስተምረው» ወዳልሽው ልምጣ። ይህ ጥያቄ አስደስቶኛል። የማይጠይቁት ናቸው የሚያስፈሩኝ። ቶኒ ሪናውዶ የሚባል አውስትራሊያዊ አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኒጀር፣ ማራዲ አካባቢ ሄዶ ችግኝ ይተክል ነበር። ችግኙ ይሞታል። እንደገና ይተክላል፣ እንደገና ይሞታል። በረሃው፣ ፍየሉ፣ ድርቁ። እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ ቀን አሸዋ ላይ እንዲሄድለት የመኪናውን ጎማ ሊያስተነፍስ ቆመ። ዞር ሲል ቁጥቋጦ አየ። ጠጋ ብሎ ቅጠሉን ሲመለከት ቁጥቋጦ አልነበረም፤ የተቆረጠ ዛፍ ጉቶው ነበር ያቆጠቆጠው። ሥሩ ከመሬት በታች ሕያው ነው። ሜዳው በሙሉ እንዲህ ነበር፤ በየዓመቱ እየተመነጠረ ማደግ ያቃተው። ከዚያ ወዲህ ከገበሬዎቹ ጋር ሆኖ ጠንካራውን ቀንበጥ መርጦ መተው፣ ሌላውን መግረዝ ያዘ። ኒጀር ውስጥ ከ5 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት እንዲህ ዛፍ ለበሰ። ዘዴው እኛም አገር መጥቶ ወላይታ ሁምቦ ውስጥ 2,700 ሄክታር ያህል የተራቆተ ተራራ አገግሞበታል።

ይህን ያነሳሁት ሥልጠናው ላይ ሳትሰሚው ቀርተሽ አይደለም። እናትሽ ትዝ ብላኝ ነው። የደብረ ብርሃን ልጅ፣ በባሕር ዛፍ ጭራሮ ያደገች ሴት፣ የተቆረጠ ጉቶ ስንት ቀንበጥ እንደሚያወጣ፣ ስንቱ ተትቶ ስንቱ እንደሚቆረጥ፣ የትኛው ወር ሲቆረጥ እንደሚደርቅ ከማንም በላይ ታውቃለች። ቤት ውስጥ ይህን ጠይቋት የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሸክሙን ነው ሁልጊዜ የምትነግራችሁ፤ ጀርባዋን ያጎበጣትን። ያወቀችውን ግን ማን ጠየቃት? በመጀመሪያው ቀን አይደለም። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ጥሪ፣ ንዴቱ ሲበርድ፣ ስልክሽን ይዘሽ ማሳው ዳር ውጪና አንድ ጉቶ አሳያት። «እማዬ፣ አንቺ ብትሆኚ የትኛውን ትተዪዋለሽ?» በያት። ማየት ካልፈለገች አትጫኛት። እኔ ግን የማውቃቸው የዚያ አገር እናቶች የተበላሸ ነገር እያዩ ዝም ማለት አይችሉም።

ሌላ ቀን ደግሞ የአይሳታን እናት አገናኛት። ያንን ስም ያወጣችልሽን ሴት ማለቴ ነው። ቋንቋ አይገናኝም፣ ምንም አይደለም። ፉላኒዎች ሰላምታ ሲጀምሩ እንደኛ ናቸው፤ ቤቱ፣ ልጁ፣ ከብቱ ሁሉ ይጠየቃል፤ መልሱም «ጃም ታን» ነው፣ ሰላም ብቻ። እናትሽ በየመሐሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። ከሻያቸው ሰዓት ጋር ብታገጣጥሚው ደግሞ ሦስት ጊዜ ሲቀዳ ትይላት። አንደኛው መራራ፣ ቀጥሎ እየጣፈጠ ይሄዳል አይደል? «አቦል፣ ቶና፣ በረካ» ማለቷ አይቀርም። እንግዲህ እናትሽ ያቺ ሴት ልጇን እያበላችላት መሆኑን በዓይኗ ካየች፣ የኔ እናት ያቺን መምህርት የጠየቀቻት ጥያቄ መልስ አገኘ ማለት ነው።

እሑድ ሳትደርስ ይህን ደብዳቤ ድገሚና አንብቢው፤ የማይስማማሽን ጣዪው። እናትሽን የምታውቂያት አንቺ ነሽ። ካርታው ላይ የት እንዳቆሙሽ ጻፊልኝ። ስለ ጉቶው ምን እንዳለችሽም።